«2001፦ ኤ ስፔስ ኦዲሲ» እንዴት ተሠራ? ስለ ኒው ዮርኩ ዐውደ ርዕይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የስታንሊ ኩብሪክ የጠፈር ፊልም ከተሠራ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ጥያቄው ግን አላለቀም። ስለ ፊልሙ አሠራር ኒው ዮርክ ላይ ከታየው ዐውደ ርዕይ በኋላ ደግሞ ይበልጥ በዛ። ደጋግመው የሚነሱትን እዚህ ሰብስበናል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዐውደ ርዕዩ የትና መቼ ነው የታየው?

መጀመሪያ ያዘጋጀው ጀርመን፣ ፍራንክፈርት ያለው የፊልም ሙዚየም ነው፤ በ2018፣ ፊልሙ 50 ዓመት ሲሞላው። ከዚያ ባሕር ተሻግሮ በ2020 ጃንዋሪ ኒው ዮርክ፣ ኩዊንስ ውስጥ፣ አስቶሪያ በሚገኘው ሙዚየም ኦፍ ዘ ሙቪንግ ኢሜጅ ተከፈተ። ሁለት ወር በቅጡ ሳይሞላው ኮቪድ መጣና ሙዚየሙ ተዘጋ። እንደ ዕድል ሆኖ ዐውደ ርዕዩ በዚያው አልቀረም፤ ሙዚየሙ በ2021 በሩን ሲከፍት እሱም አብሮ ተከፍቶ እስከ ሴፕቴምበር ቆይቷል።

ፊልሙ የተቀረጸው እንግሊዝ አገር አይደለም እንዴ? ኒው ዮርክ ምን አገናኘው?

ቀረጻው እንግሊዝ ነው፤ ውጥኑ ግን ኒው ዮርክ ነው። ኩብሪክ የብሮንክስ ልጅ ነው፤ በ1928 ማንሃተን ውስጥ ተወልዶ ብሮንክስ አደገ፤ ፊልም ከመጀመሩ በፊትም ለሉክ መጽሔት ፎቶግራፍ እያነሳ ይኖር ነበር። በ1964 ማርች መጨረሻ ላይ ያኔ ሲሎን በምትባለው አገር (የዛሬዋ ስሪላንካ) ይኖር ለነበረው ደራሲ አርተር ሲ. ክላርክ ደብዳቤ ጻፈለት። ሁሌ የሚወራለትን «እውነተኛ ጥሩ» የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልም አብረን እንሥራ የሚል ነበር። በሚቀጥለው ወር ኒው ዮርክ፣ ፕላዛ ሆቴል ውስጥ ተገናኙ። ክላርክ ቼልሲ ሆቴል ተከራይቶ ልብ ወለዱን እየጻፈ፣ ሁለቱ የፊልሙን ታሪክ ጎን ለጎን አበጁት። ያልተለመደ አካሄድ ነው። መጽሐፉ ከፊልሙ አልተቀዳም፣ ፊልሙም ከመጽሐፉ አልተቀዳም፤ መንትያ ሆነው አደጉ ማለት ይቀላል።

በተጨማሪም ከፊልሙ ሁሉ ቀድመው የተቀረጹት ምስሎች የተሠሩት እዚያው ማንሃተን ውስጥ ነው። መጨረሻ አካባቢ እንደ ኮከብ ደመና ሲፈነዱና ሲንሳፈፉ የሚታዩት በትሪ ቀለም ላይ ጠብ የተደረጉ ኬሚካሎች ናቸው። ካሜራው በጣም ተጠግቶ፣ በፍጥነት እየቀረጸ ነው። በስክሪን ላይ ሲታዩ ግን የሚሊዮን ኪሎሜትር ስፋት ያላቸው ይመስላሉ።

መንኮራኩሮቹን አያለሁ ብዬ ስሄድ ወረቀት በወረቀት ሆነብኝ። ለምን?

ይህ ቅሬታ ከብዙ ሰው ተሰምቷል፤ ምክንያትም አለው። ከሞዴሎቹ አብዛኞቹ የሉም። ዲስከቨሪ የተባለችው ዋናዋ መንኮራኩር ትልቁ ሞዴሏ 54 ጫማ፣ ማለትም ከ16 ሜትር በላይ ነበር፤ የከተማ አውቶቡስ አጠገቧ አጭር ነው። እሷም ተበታትና ቀርታለች። የጠፈር ጣቢያው ሞዴል እንግሊዝ አገር ሜዳ ላይ ተጥሎ ሲበላሽ የሚያሳይ ፎቶ አለ። ኩብሪክ ሌሎች ርካሽ ፊልሞች እንዳይጠቀሙባቸው ብሎ እንዲጠፉ አድርጓል ይባላል። አንዷ ብቻ ለጉድ ተርፋ፣ እንግሊዝ ውስጥ ለአንድ የሥነ ጥበብ አስተማሪ ተሰጥታ፣ ዓመታት ከተቀመጠች በኋላ በ2015 ጨረታ ላይ በ344,000 ዶላር ተሸጠች፤ መንገደኞችን ጨረቃ ላይ የምታሳርፈው ክብዋ ኤሪስ 1ቢ ናት።

ነገር ግን ወረቀቱን እንደ ማካካሻ ካያችሁት ዋናው ነገር አምልጧችኋል። ይህ ፊልም ካሜራ ከመነሳቱ በፊት በደብዳቤ፣ በንድፍና በስሌት ተሠርቶ ያለቀ ነው፤ ሞዴሎቹ የዚያ ሥራ ውጤት ናቸው። ኩብሪክ ከናሳ ሁለት ሰዎችን አምጥቶ አብረውት እንዲሠሩ አደረገ። አንደኛው ፍሬድሪክ ኦርድዌይ የጠፈር ሳይንስ አማካሪ ነው፤ ሌላው ጀርመን የተወለደው ሰዓሊ ሃሪ ላንገ፣ ቀድሞ እውነተኛ ሮኬቶችን በሥዕል ሲያሳይ የነበረ ነው። ለበርካታ ኩባንያዎች እየተጻፈ በ2001 ስልክ ምን ይመስላል፣ ምግብ እንዴት ይቀርባል፣ አብራሪው ፊት ለፊቱ ምን ምን ቁልፍ ያያል ተብሎ ተጠየቀ። ልብሱን የነደፈው የእንግሊዝ ንግሥት ልብስ ሰፊ ሃርዲ ኤሚስ ነው። የጠፈር ጣቢያው ውስጥ ያሉት ደማቅ ቀይ ወንበሮች ግን ለፊልሙ አልተሠሩም፤ ፈረንሳዊው ኦሊቪዬ ሙርግ ነድፏቸው ገበያ ላይ የነበሩ ናቸው።

ለወረቀቱ ጉልበት አንድ ምሳሌ ብቻ ላንሳ። በ1966 ኦገስት መጨረሻ ኩብሪክ ለባልደረባው በጻፈው ደብዳቤ፣ የታሪኩ አንድ ዋና ጭብጥ አእምሮው የታወከ ኮምፒውተር መሆኑን አይቢኤም ያውቃል ወይ ብሎ ይጠይቃል። ኩባንያው ምክርና ንድፍ ሲሰጥ ቆይቷል፤ ስሙም በፊልሙ ውስጥ እዚህም እዚያም ይታያል። ኩብሪክ ማንንም ችግር ውስጥ መክተት እንደማይፈልግ፣ እንደተታለሉ እንዳይሰማቸው እንደሚሻ ይጽፋል። በፊልሙ ውስጥ ያ ኮምፒውተር ሰው ይገድላል። በደብዳቤው ውስጥ ያለው ግን የኩባንያ ስም እንዳይጎድፍ የሚጨነቅ፣ እያንዳንዷን ነገር ራሱ ካልነካ የማይተኛ ሰው ነው። እኔን ከየትኛውም መንኮራኩር በላይ ያቆመኝ ይህ ነው።

እነዚህ ሁሉ ወረቀቶች ከየት መጡ?

ኩብሪክ የሚጥለው ነገር አልነበረውም። በ1999 ሲሞት እንግሊዝ አገር ያለው ቤቱ በሣጥን ተሞልቶ ነበር። ቤተሰቡ ክምችቱን ለለንደን የሥነ ጥበባት ዩኒቨርሲቲ ሰጥቶ ከ2007 ጀምሮ እዚያ ይገኛል። የኒው ዮርኩ ዐውደ ርዕይም አብዛኛውን ነገር የተዋሰው ከዚያ ነው፦ ደብዳቤዎች፣ ንድፎች፣ ስቶሪቦርዶች (ትዕይንቶቹ ከቀረጻ በፊት የተሣሉባቸው)፣ የቀረጻ ፎቶዎች፣ የልብስና የቁሳቁስ ናሙናዎች።

ኮምፒውተር ግራፊክስ ካልነበረ እንዴት ሠሩት? ስክሪኖቹስ?

አንድም በኮምፒውተር የተሣለ ምስል የለም። መንኮራኩሩ ውስጥ ቁጥርና ግራፍ እየለዋወጡ የሚያበሩት «የኮምፒውተር ስክሪኖች» ከጀርባቸው በፕሮጀክተር የሚታይ ፊልም ናቸው። እያንዳንዷ ስክሪን ጀርባ ፕሮጀክተር አለ፤ እያንዳንዷ ምስል ደግሞ በእጅ ተሥላ በአኒሜሽን ተቀርጻለች።

ከሁሉ ትዕግሥት የሚጠይቀው ግን የኮከቦቹ ሥራ ነው። በዚያ ዘመን ሁለት ምስል ሲደራረብ ፊልሙ ከፊልም ወደ ፊልም ይገለበጥ ነበር፤ በተገለበጠ ቁጥር ጥራቱ ይወርዳል። ኩብሪክ ይህን አልፈልግም አለ። ስለዚህ መንኮራኩሯ ትቀረጽና ፊልሙ ሳይታጠብ ይቀመጣል። ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ከቆየ በኋላ ያው ፊልም እንደገና ካሜራ ውስጥ ገብቶ ኮከቦቹ ወይም ፕላኔቷ በላዩ ይቀረጹበታል። መሃል ላይ አንዲት ስህተት ከተፈጠረች የዚያ ሁሉ ጊዜ ድካም ገደል ገባ ማለት ነው። እንዲህ ዓይነት ጥንቃቄ ያለባቸው የእይታ ውጤቶች በፊልሙ ውስጥ 205 ናቸው።

አየር ላይ የምትንሳፈፈዋ እስክሪብቶ በተቃራኒው የቀላል ዘዴ ማሳያ ናት። ትልቅ ክብ መስታወት ላይ ባለ ሁለት ፊት ፕላስተር ተለጥፋ፣ መስታወቱ ቀስ ብሎ ይዞራል። አስተናጋጇ እጇን ዘርግታ ስታነሳት ከመስታወቱ እየላጠቻት ነው። ይህን ካወቃችሁ በኋላ ፊልሙን ስታዩ ጣቶቿን ተመልከቱ፤ ለአፍታ ትንሽ ይጎትታሉ።

ጠፈርተኛው ግድግዳና ጣሪያ ላይ የሚሮጥበት ክፍል እንዴት ተቀረጸ?

እውነተኛ የሚዞር ክፍል ተሠርቶ ነው። ቪከርስ አርምስትሮንግ የተባለው የእንግሊዝ የጦር መሣሪያና የአውሮፕላን ኩባንያ የሠራው ተሽከርካሪ ክፍል ዲያሜትሩ 38 ጫማ፣ ወደ 11.6 ሜትር ነው። ክብደቱ 30 ቶን፣ ወጪው 750,000 ዶላር። የፊልሙ በጀት መጀመሪያ 6 ሚሊዮን ታስቦ ወደ 10.5 ሚሊዮን እንደወጣ ስታስቡ አንድ ክፍል ብቻ ምን ያህል እንደበላ ይገባችኋል።

ዘዴው ተዋናዩ ሁልጊዜ ታች ነው፤ የሚዞረው ቤቱ ነው። የእህል ወፍጮ ውስጥ እንዳለ ሰው አስቡት። ሯጩ ባለበት ቦታ እየሮጠ ወለሉ ከሥሩ ያልፋል፤ ካሜራው ከቤቱ ጋር አብሮ ከዞረ ደግሞ ሰውዬው ጣሪያ ላይ የወጣ ይመስላል። በጣም የሚያስገርመው አንዱ ጠፈርተኛ በመሰላል ወርዶ ከላይ ተዘቅዝቆ ወደሚበላው ባልደረባው የሚሄድበት ነው። ጋሪ ሎክውድ ወንበሩ ላይ በቀበቶ ታስሮ፣ ምግቡ ትሪው ላይ ተጣብቆ፣ በእርግጥም ቁልቁል ተንጠልጥሎ ነበር። ኬር ዱሊያ ታች ሲራመድ ቤቱ ዞሮ ሎክውድን ወደ እሱ ያመጣዋል።

ኩብሪክ ራሱ ውስጥ አልነበረም፤ ውጭ ተቀምጦ በቴሌቪዥን እያየ ነበር የሚያዘው። ቤቱ ሲዞር ያልተጣበቀ ነገር ሁሉ ይወርዳል፤ መብራቶቹም በሙቀት ይፈነዱ ነበር።

በፊልሙ መክፈቻ ላይ ያሉት ዝንጀሮዎች እውነተኛ ናቸው? ያ ቦታስ ኢትዮጵያ ነው ይባላል?

ሁለት ሕፃን ቺምፓንዚዎች እውነተኛ ናቸው፤ ሌሎቹ ሰዎች ናቸው። መሪያቸውን የተጫወተው ዳን ሪክተር የድምፅ አልባ ትወና ባለሙያ ነው፤ ለንደን መካነ አራዊት ሄዶ ጎሪላዎችን እየተመለከተ አካሄዳቸውን አጥንቷል። ጭንብሉን የሠራው ስቱዋርት ፍሪቦርን ነው። ተዋናዩ በምላሱ እየገፋ ከንፈሩን ማንቀሳቀስ፣ ጥርሱን ማሳየት እንዲችል አድርጎ ሠራው። በዚያ ዓመት የኦስካር የሜካፕ ልዩ ሽልማት ለሌላ የዝንጀሮ ፊልም ሲሰጥ ክላርክ ዳኞቹ የእኛዎቹን እውነተኛ ዝንጀሮ መስለዋቸው ይሆናል ብሎ ቀልዷል።

ቦታው ኢትዮጵያ አይደለም። ናሚቢያ ነው፤ ያውም ተዋናዮቹ አልሄዱም። ፎቶ አንሺዎች ወደ ናሚቢያ በረሃ፣ ሽፒትስኮፐ ወደሚባሉት ድንጋያማ ተራሮች ሄደው ትላልቅ ስላይድ ፎቶዎች አንስተው መጡ። ከዚያ ለንደን አቅራቢያ ባለ ስቱዲዮ ውስጥ ፎቶዎቹ በግዙፍ ስክሪን ላይ ከፊት በኩል በፕሮጀክተር እንዲያርፉ ተደረገ። ስክሪኑ የተለበደው የመንገድ ምልክቶች ሌሊት በመኪና መብራት የሚያንጸባርቁበትን ዓይነት ማቴሪያል ነው፤ ብርሃኑን ወደ መጣበት ቀጥታ ይመልሳል። ምስሉ ብርሃንን በግማሽ በሚያሳልፍ መስታወት ላይ ተንጸባርቆ በካሜራው ዓይን መሥመር ስለሚወጣ ስክሪኑ ላይ በደማቁ ይታያል፤ ተዋናዮቹ ላይ ያረፈው ብርሃን ግን በጣም ደካማ ስለሆነ አይለይም። ጥላቸውም ከኋላቸው ተሸሽጎ ይቀራል።

ነብሩ ዓይኖቹ እንደ ፋኖስ የሚያበሩበት ቅጽበት ታስቦበት አልተደረገም። የነብር ዓይንም ብርሃንን ወደ መጣበት ይመልሳል፤ የፕሮጀክተሩ ብርሃን ሲያርፍበት እንደ ስክሪኑ አንጸባረቀ። ኩብሪክ ወደደው፣ ተወው። ነብሩ የተኛበት የሜዳ አህያ ሬሳ ደግሞ መስመር የተቀባ የሞተ ፈረስ ነው። የስቱዲዮው ሽታ እንዴት እንደነበር እናንተው ገምቱ።

ከዚህ ሁሉ ክፍል ውስጥ ከቤት ውጪ የተቀረጸው አንድ ትዕይንት ብቻ ነው፤ መሪው በያዘው አጥንት ሌሎች አጥንቶችን የሚሰባብርበት። ከስቱዲዮው አቅራቢያ ባለ ሜዳ፣ ከፍ ባለ መድረክ ላይ፣ ሰማዩ ብቻ እንዲታይ ተደርጎ። በሜዳው ዳር መኪና ያልፍ ነበር።

ታዲያ ድንቅነሽ ከዚህ ፊልም ጋር ትገናኛለች?

ትገናኛለች፣ ግን ፊልሙን በመቃረን ነው። ፊልሙ ሲወጣ ድንቅነሽ ገና አልተገኘችም፤ አፋር፣ ሐዳር ላይ የተገኘችው በ1974 ነው። በ1960ዎቹ ብዙ ሰው የተቀበለው አስተሳሰብ የደቡብ አፍሪካው አጥኚ ሬይመንድ ዳርት ያነሳውና ደራሲው ሮበርት አርድሪ ያስፋፋው ነበር። አባቶቻችን ሰው የሆኑት መግደልን ሲያውቁ ነው፤ የመጀመሪያው መሣሪያ አጥንት ነው የሚል። ፊልሙ ይህን ቃል በቃል አስቀምጦታል። ዝንጀሮው አጥንት ያነሳል፣ አሳማ መሰል እንስሳ ይገድላል፣ ቀጥሎ የራሱን ዓይነት ይገድላል።

ኋላ ላይ ዳርት መሣሪያ ናቸው ያላቸውን አጥንቶች አጥኚዎች መርምረው በአውሬ የተቆረጣጠሙ መሆናቸውን አሳዩ። ድንቅነሽ ደግሞ ሌላ ነገር ነገረችን። 3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላት፣ አንጎሏ ትንሽ፣ ግን ቀጥ ብላ በሁለት እግሯ የምትሄድ። መራመድ ቀድሞ ነው የመጣው። የድንጋይ መሣሪያም ቢሆን ከአፋር ጎና የተገኙት 2.6 ሚሊዮን ዓመት የሚሆኑት ሥጋ ለመቁረጥ የሚያገለግሉ ስለታም ስባሪዎች ናቸው፤ የጠላት ራስ መምቻ አይደሉም። ፊልሙ ድንቅ ነው፤ ሳይንሱ ግን ያለፈ ነው። አዲስ አበባ ካላችሁ አምስት ኪሎ፣ ብሔራዊ ሙዚየም ጎራ በሉና ከዚያ መክፈቻውን እዩት። ሌላ ፊልም ይሆንባችኋል።

ሃል የሚለው የገዳዩ ኮምፒውተር ስም አይቢኤም ከሚለው የተወሰደ ነው?

በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ እያንዳንዱን አንድ ወደ ፊት ብትገፉት በርግጥ አይቢኤም ይመጣል። ክላርክ ግን ግጥምጥሞሽ ነው እያለ እስከ ዕድሜው መጨረሻ ተከራክሯል፤ ቀድመን ብናውቅ ኖሮ ስሙን እንቀይረው ነበር ብሏል። ኩባንያው ሲረዳቸው እንደነበር ካነሳነው ደብዳቤ ጋር ስታስተያዩት የሚታመን ነው።

የሃል ድምፅ ካናዳዊው የቲያትር ተዋናይ ዳግላስ ሬይን ነው። ቀረጻ ላይ ጨርሶ አልነበረም፤ ድምፁን የሰጠው ምስሉ ካለቀ በኋላ ነው። ከሱ በፊት ማርቲን ባልሳም የተባለ አሜሪካዊ ተቀርጾ ኩብሪክ አልወደደውም ነበር። ሃል አእምሮው እየተነቀለ ሲሄድ የሚዘምረው የቆየ የፍቅር ዘፈን ደግሞ ዝም ብሎ አልተመረጠም። በ1961 ቤል ላብራቶሪ ውስጥ አንድ የአይቢኤም ኮምፒውተር እንዲዘፍነው ተደርጎ ነበር፤ ክላርክ በጉብኝት ሄዶ ሰምቶት ነበር።

ጠፈርተኞቹ ምግብ እየበሉ የሚያዩበት ነገር ታብሌት ነው?

ይመስላል። እንዲያውም በ2011 ሳምሰንግ ከአፕል ጋር በነበረው ክርክር ይህን ትዕይንት ለፍርድ ቤት አቅርቦ፣ ንድፉ ከአይፓድ በፊት ነበረ ሲል ተከራክሯል። በቀረጻው ጊዜ ግን ጠረጴዛው ውስጥ የተደበቀ ፕሮጀክተር ነው።

መጨረሻ ላይ ያለው የብርሃን ዋሻስ?

ዳግላስ ትራምቡል የተባለ ያኔ ገና 20ዎቹ ውስጥ የነበረ ወጣት ነው የሠራው። ጥቁር ሰሌዳ ላይ ቀጭን ስንጥቅ ተከፍታ፣ ከኋላዋ በብርሃን የደመቀ ሥዕል ይንቀሳቀሳል። ካሜራው ሹተሩን (የብርሃን መዝጊያውን) ከፍቶ በሐዲድ ላይ ወደ ስንጥቋ ይጠጋል፤ ስለዚህ ብርሃኑ በአንዲት ፍሬም ላይ እየተዘረጋ መስመር ይሆናል። ከዚያ ካሜራው ተመልሶ ለሚቀጥለው ፍሬም ይጀምራል። ለአንድ ሰከንድ 24 ፍሬም ያስፈልጋል፤ ሒሳቡን ሥሩት።

ሙዚቃው ለፊልሙ ነው የተጻፈው?

አይደለም፤ ተጽፎ ነበር ግን። አሌክስ ኖርዝ የተባለ የታወቀ የፊልም ሙዚቃ ደራሲ ለፊልሙ የመጀመሪያ አጋማሽ ሙዚቃ ጽፎ አስቀርጿል። ኩብሪክ ለጊዜው ብሎ ያስገባቸውን የሪቻርድና የዮሐን ሽትራውስ (ዘመዳሞች አይደሉም)፣ የሊጌቲና የካቻቱርያን ሙዚቃዎች ሳይነካ ተዋቸው። ኖርዝ ሙዚቃው እንደቀረ ያወቀው ፊልሙን አዳራሽ ገብቶ ሲያይ ነው። ይህ የኩብሪክ ክፉ ጎን ነው፤ ፊልሙ የተሻለ ሆኗል ተብሎ የሚሰረዝ አይመስለኝም።

ኩብሪክ ነው የጨረቃውን ጉዞ ስቱዲዮ ውስጥ የቀረጸው ይባላል። እውነት ነው?

ውሃ የማያነሳ ወሬ ነው። ማስረጃውም ፊልሙ ራሱ ውስጥ አለ። የኩብሪክ ጨረቃ ተራሮቿ ሾጣጣ፣ ጫፋቸው እንደ መጋዝ የሰላ ነው፤ ሠዓሊዎች ጨረቃን እንዲህ ነበር የሚገምቱት። በ1969 ጁላይ አፖሎ 11 ሲያርፍና ከዚያም በቀጠሉት ጉዞዎች የታየችው ጨረቃ ግን ተራሮቿ ዶልዱመው፣ ክብ ክብ ብለው ነው። ሰውየው ያንን ቢቀርጽ ኖሮ የራሱን ጨረቃ አፍርሶ በአንድ ዓመት ሌላ መፍጠር ነበረበት። ምድርንም ልብ በሉ፤ ፊልሙ ሲሠራ ሰው ገና ሙሉዋን ምድር በዓይኑ አላየም። አፖሎ 8 ያየው ፊልሙ ከታየ ከወራት በኋላ፣ በ1968 ዲሴምበር ነው። ስለዚህም በፊልሙ ውስጥ ያለችው ምድር ከእውነተኛዋ የፈዘዘች ናት።

መጀመሪያ የታየው ዋሽንግተን ነው የሚባለው እውነት ነው? የተቆረጠው 19 ደቂቃስ የት ሄደ?

እውነት ነው። ኤፕሪል 2 ቀን 1968፣ ኮኔቲከት አቬኑ ላይ ባለው አፕታውን ቲያትር። ዲሲ የሚኖር አበሻ ሁሉ በክሊቭላንድ ፓርክ ሲያልፍ ያየው ሕንፃ ነው፤ በ2020 ማርች ሲኒማው ተዘጋ። ፊልሙ ከታየ ከሁለት ቀን በኋላ ማርቲን ሉተር ኪንግ ተገደለና ከተማዋ ተቃጠለች፤ የፊልሙ ወሬ በዚያ ሳምንት ዲሲ ውስጥ ማን ያስታውሰዋል።

ተመልካቹ ተሰላችቷል፤ ተነስቶ የወጣም አለ። ኩብሪክ በቀናት ውስጥ 19 ደቂቃ ቆረጠ። በ2010 ትራምቡል ካንሳስ ውስጥ በጨው ማዕድን ዋሻ በተሠራ መጋዘን 17 ደቂቃው እንዳለ ሲናገር ብዙ ሰው ተደስቶ ነበር፤ የፊልሙ ባለመብት ኩባንያ ዋርነር ግን ቀድሞም እናውቃለን አለ። ኩብሪክ ራሱ ስለቆረጠው መልሶ የመግጠም ዕቅድ የለም፤ ቢቀርም ይሻላል።

ልጆች ይዤ ማየት እችላለሁ?

አሜሪካ ውስጥ ለሁሉም ዕድሜ ተብሎ የተፈቀደ ነው። ነብሩና የጠፈርተኛው አሟሟት ትንንሾቹን ሊያስፈራ ይችላል። ከፍርሃት ይልቅ የሚያሰጋው መሰልቸት ነው፤ ርዝመቱ 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ አካባቢ ነው፤ የመጀመሪያው ንግግር የሚሰማው ከ25 ደቂቃ ገደማ በኋላ ነው። የእስክሪብቶዋንና የሚዞረውን ክፍል ምሥጢር አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ያኔ ራሳቸው እየፈለጉ ያዩታል።

ለመሆኑ መጨረሻው ምን ማለት ነው?

ኩብሪክ ለማስረዳት ፈቃደኛ አልነበረም። ክላርክ በመጽሐፉ ውስጥ የበለጠ ግልጽ አድርጎታል፤ ጠፈርተኛው በማይታዩ ፍጡራን ወደ ሌላ ደረጃ ይለወጣል። ፊልሙ ሙሉ በሙሉ ከገባችሁ አልተሳካልንም ማለት ነው ብሎም ያውቃል። መጨረሻ ላይ የሚታየውን ሕፃን በሐውልት የቀረጸችው ሊዝ ሙር ናት፤ ሐውልቱ ከጥፋት ተርፏል።

ዐውደ ርዕዩ ካለፈ አሁን ምን ማየት እችላለሁ?

ሎስ አንጀለስ ካላችሁ አካዳሚ ሙዚየም ሂዱ፤ ያቺ በጨረታ የተሸጠችው ኤሪስ 1ቢ የነሱ ናት። ለንደን ላይ የኩብሪክ ክምችት ኤሌፋንት ኤንድ ካስል አካባቢ ባለው የዩኒቨርሲቲው ግቢ ነው፤ አስቀድሞ ቀጠሮ ከተያዘ ተማሪ ያልሆነም ሰው ይገባል። ሰነዶቹን በእርሳስ ብቻ ማስታወሻ እየያዛችሁ ነው የምታዩት፤ እስክሪብቶ ክምችት ክፍል አይገባም።

ለንደን ከሄዳችሁ አንድ ነገር በነፃ እዩ። በፊልሙ ውስጥ ደጋግሞ ብቅ የሚለው ጥቁሩ ባለ አራት ማዕዘን ድንጋይ መጀመሪያ የታሰበው ግልጽ ሆኖ ነበር፤ ሁለት ቶን የሚመዝን የፕላስቲክ መስታወት ተሠርቶ ካሜራ ላይ ሳያምር ቀረ። ቀራጺው አርተር ፍላይሽማን በኋላ አግኝቶ በ1977 ለንግሥቲቱ የ25ኛ ዓመት በዓል ዘውድ ቀረጸበት፤ ሴንት ካትሪን ዶክስ ላይ ቆሟል።

ፊልሙን ደግሞ በስልክ አትዩት። አስቶሪያ ያለው ሙዚየም በ70 ሚሊሜትር ፕሪንት በየጊዜው ያሳያል፤ ትኬቱ ቶሎ ስለሚያልቅ ቀደም ብላችሁ ያዙ፤ መቀመጫም ወደ ፊት ጠጋ ያለውን።